ምን አኒሜ ልይ? አሁን ስለሚተላለፉና ስለሚወደዱ ተከታታዮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አኒሜ የምንለው ጃፓን ውስጥ የሚሠራውን የሥዕል ፊልምና ተከታታይ ነው። አስቀድሞ ሁለት ነገር። እዚህ የተጻፉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ሲዝን» የምንለው የአንድን ተከታታይ ምዕራፍ ነው፤ «ዙር» የምንለው ደግሞ ጃፓን ውስጥ በየሦስት ወሩ የሚጀምረውን የስርጭት ወቅት ነው። ሁለቱ ሲደበላለቁ ወሬው ሁሉ ይደበላለቃል።

አኒሜ አይቼ አላውቅም። በየቱ ልጀምር?

ጥያቄው እንዲሁ ከቀረበ መልስ የለውም። «እንቅልፍ አሳጥቶኝ ያየሁት ፊልም ይሄ ነው፣ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት አለኝ» ከተባለ ግን ቀላል ነው።

የወንጀል ምርመራና የብልጠት ፍልሚያ የሚወድ ሰው በዴዝ ኖት ይጀምር። ማድሃውስ ስቱዲዮ በ2006 እና 2007 የሠራው ባለ 37 ክፍል ተከታታይ ነው። እስከ ክፍል 25 ድረስ ትንፋሽ አይሰጥም፤ ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ ይላላል። ይህን ሳይነግር «አሪፍ ነው» ብሎ የሚያልፍ መካሪ ግማሹን ነው የመከረው።

ጅማሬውና ፍጻሜው የተገጣጠመ ረጅም ታሪክ ለሚፈልግ ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ አለ፤ 64 ክፍል፣ ከ2009 እስከ 2010። በተመሳሳይ ስም በ2003 የወጣ ባለ 51 ክፍል ሥራም ስላለ ስትፈልጉ ልብ በሉ። የ2003ቱ ሲሠራ ማንጋው፣ ማለትም ታሪኩ የተወሰደበት የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ፣ ገና ስላላለቀ መሀል መንገድ ላይ የራሱን ታሪክ ይዞ ይገነጠላል። ብራዘርሁድ ማንጋውን እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጥድፊያ ይበዛባቸዋል። ያንኑ ታሪክ የ2003ቱ ረጋ ብሎ ስላሳየው አዘጋጆቹ እንደገና መዘርዘር አልፈለጉም። ስለዚህ «ተጣደፈብኝ» ብላችሁ በክፍል 5 አትተዉት።

ስፖርት ለሚወድ ሀይክዩ፤ የመረብ ኳስ ነው፣ የመጀመሪያው ሲዝን 25 ክፍል። የጨዋታውን ሕግ ማወቅ አያስፈልግም፣ እያሳየ ያስተምራል። ያለው ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሆነ ደግሞ ኦድ ታክሲ፤ 13 ክፍል፣ አምስት ሰዓት ገደማ። ገጸ ባሕርያቱ የእንስሳት መልክ ስላላቸው የልጆች ይመስላል፤ አይደለም። ታሪኩ በሙሉ ተሳፋሪዎች ለሹፌሩ በሚያወሩት ውስጥ ነው የተቀበረው፤ ስልክ እየነካካ ላየው ሰው ፍጻሜው ምንም አይለውም።

መጀመሪያ ላይ ባትነኩት የምንለው ኢቫንጌሊየንን ነው። መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበሩትን የሮቦት አኒሜዎች ልማድ እያፈረሰ ስለሚሄድ፣ ልማዱን ለማያውቅ ሰው የፈረሰው ምን እንደሆነ አይታየውም።

ፍሪረንን ሰው ሁሉ ያወድሰዋል። እኔን ለምን ደበረኝ?

ምናልባት ክፍል 2 ላይ ስለቆማችሁ። ፍሪረን ሌሎች ታሪኮች ከሚያልቁበት ነው የሚጀምረው፤ ጀግኖቹ የአሥር ዓመት ዘመቻቸውን ጨርሰው ወደ ከተማ ሲመለሱ። ከመካከላቸው አንዷ ከሺህ ዓመት በላይ የምትኖር፣ ኤልፍ የምትባል የተረት ፍጡር ስለሆነች፣ ለሌሎቹ ዕድሜ የሆነው ለእሷ እንደ አንድ ሰሞን ያልፋል። የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ልዩነቱ እንዲሰማ ደግሞ ጊዜው ሲያልፍ መታየት አለበት። ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 እንደ አንድ የሁለት ሰዓት ፊልም በአንድ ምሽት ነበር የተላለፉት። እናንተም አራቱን በአንድ ቁጭታ እዩአቸው፤ ያኔም ካልያዛችሁ ይቅር።

ሌላም አለ። ከክፍል 18 ገደማ ጀምሮ የጠንቋዮች ፈተና ይገባና ታሪኩ ወደ ፉክክርና ውጊያ ያደላል። ዝምታውን የወደደ ሰው እዚያ ጋ ቅር ይለዋል፤ ሲያንቀላፋ የነበረው ደግሞ ይነቃል። ስለዚህ «ፍሪረንን አልወደድኩትም» የሚልን ሰው መጀመሪያ «የትኛውን ፍሪረን?» ማለት ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን 28 ክፍል ነው፤ ሁለተኛው በጃንዋሪ 2026 ጀምሯል።

«የዊንተር አኒሜ»፣ «የሰመር አኒሜ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የጃፓን ጣቢያዎች አዳዲስ ተከታታዮችን የሚጀምሩት በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ፣ መጋቢት፣ ሰኔና መስከረም ሊያልቁ ሲሉ ማለት ነው። አንድ ዙር ከ11 እስከ 13 ክፍል ይይዛል። 24 ወይም 25 ክፍል ያለው ሁለት ዙር ወስዷል፤ አንዳንዴ በተከታታይ፣ አንዳንዴ መሀል ላይ አርፎ። ስፓይ ፋሚሊ በ2022 12 ክፍሉን በኤፕሪል፣ የቀሩትን 13 በኦክቶበር ነው ያሳየው። ክፍል 12 ላይ «ተቋረጠ» ብሎ ማዘን የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው።

ስሙን በቀጥታ ወደ አማርኛ መመለስ ግን ያሳስታል። እነሱ ክረምት የሚሉት ጃንዋሪ የእኛ ድፍን በጋ ነው፤ በጋ የሚሉት ጁላይ ደግሞ እኛ ጃንጥላ ይዘን የምንወጣበት ነው። «የክረምት አኒሜ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግማሹ አንባቢ ስለ ሌላ ወቅት ያስባል። «የጃንዋሪ ዙር»፣ «የጁላይ ዙር» ማለት ይሻላል።

የስርጭት ሰዓቱ «አርብ 25:00» ይላል። ይህ ምን ዓይነት ሰዓት ነው?

የጃፓን ጣቢያዎች ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚያሳዩትን ፕሮግራም ከቀደመው ቀን ጋር አያይዘው ይቆጥሩታል። «አርብ 25:00» ማለት ቅዳሜ ገና ከገባ አንድ ሰዓት ሲሆነው ነው። ብዙዎቹ አኒሜዎች የሚተላለፉት በዚህ የሌሊት ሰዓት ነው።

ለሀበሻ ስሌቱ የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። ጃፓን ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ ሰዓት አቆጣጠርም ከሌላው ዓለም በ6 ይለያል። ሁለቱ ተደምረው 12 ስለሚሆኑ የሰዓቱ ቁጥር ሳይለወጥ ይቀራል። ቶክዮ ውስጥ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት 11 ሲል አዲስ አበባም በእኛ አቆጣጠር 11 ነው፤ እነሱ ሊተኙ ሲሉ እኛ ከሥራ ልንወጣ ስንል። «አርብ 25:00»ን ለማግኘት 24 ቀንሱ፤ አንድ ይቀራል፤ አርብ ምሽት 1 ሰዓት። ቀኑም እንኳ አይቀየርም።

ሳዑዲ ያለ ሰው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ያያል፣ ዱባይ ያለ አንድ ሰዓት ይጨምራል። ዋሽንግተን ያለው ያንኑ ክፍል አርብ ቀን ምሳ ሰዓት ግድም ያገኘዋል። ሕጋዊ የኢንተርኔት አሳዪዎች ዘንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት ሰዓታት ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ በደቂቃው ካልመጣ ስልኩ አይወቀስ።

ስንት ክፍል አይቼ ልተወው?

የተለመደው ሕግ ሦስት ነው። ማዶካ ማጂካ በ2011 ሲወጣ ሦስተኛው ክፍል የተመልካቹን ግምት ስለገለበጠ ሕጉ ከዚያ ወዲህ በጣም ሥር ሰደደ። ለ12 ክፍል ሦስት ተገቢ ነው፤ ሩቡን አይታችኋል። ለ24 ክፍል ግን ያንሳል። ስታይንስ ጌት የመጀመሪያውን ግማሽ በሙሉ መሠረት ሲጥል ይቆያል፣ ክፍል 12 ላይ ነው መሬቱ የሚከዳችሁ። እንዲህ ያለውን ለሰው ስትመክሩ «እስከ ክፍል 12 ታገስ» ከማለት «በቀን ሁለት ሁለት ክፍል እየው፣ በሳምንት ግማሹን ትጨርሳለህ» ማለት ያዋጣል።

በየሳምንቱ ልከታተል ወይስ አልቆ ልይ?

የምሥጢር ታሪክ ከሆነ በየሳምንቱ፤ መገመቱና መከራከሩ የደስታው ግማሽ ነው። የረጋ ወይም የስሜት ታሪክ ከሆነ አልቆ። ያላለቀ ተከታታይ ላይ ግን የመጨረሻ ፍርድ አትስጡ። ዋንደር ኤግ ፕራዮሪቲ በ2021 ሲጀምር የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ነበር። መሀል ላይ አንድ ክፍል ያለፈውን በመከለስ አለፈ፣ ፍጻሜው በ12ኛው ክፍል ሳይመጣ ቀረ፣ ከወራት በኋላ በልዩ ክፍል ሲመጣም ብዙውን ተመልካች አሳዘነ። የክለሳ ክፍል ዙሩ መሀል ላይ ድንገት ሲገባ ሥራው እየዘገየ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሲዝን ለምን ወረደ?

ሰው መጀመሪያ የሚያየው የስቱዲዮውን ስም ነው፤ ከስሙ ጀርባ ያለው ሰው ይበልጣል። ዋን ፓንች ማን በ2015 በማድሃውስ በዳይሬክተር ሺንጎ ናትሱሜ ሲሠራ አፍ አስከፈተ። በ2019 ወደ ጄሲ ስታፍ ሲሄድ ስቱዲዮውም ዳይሬክተሩም ተቀየሩ፣ ውጊያዎቹም ያንን ክብደት አጡ። የ2025ቱ ሦስተኛ ሲዝን ደግሞ ከዚያም የባሰ ወቀሳ ወረደበት። ቪንላንድ ሳጋም ከዊት ስቱዲዮ ወደ ማፓ ተዛውሯል፤ ነገር ግን ዳይሬክተሩ ሹሄይ ያቡታ አብሮ ስለሄደ መልኩ አልጠፋም። ስለ አዲስ ሲዝን ከመጓጓት በፊት ሁለት ስም ፈልጉ፤ ዳይሬክተሩንና ታሪኩን ለክፍሎች የሚያከፋፍለውን ጸሐፊ። ሁለቱም ከተቀየሩ ጉጉታችሁን ቀነስ አድርጉ።

ውጊያ ላይ ምስሉ ለምን ይጨልማል?

ቪዲዮው ተበላሽቶ አይደለም። ዲሴምበር 16 ቀን 1997 አንድ የፖኪሞን ክፍል በፍጥነት የሚብለጨለጭ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በማሳየቱ 685 ሕፃናት ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያዎቹ የሚብለጨለጩ ትዕይንቶችን ያደበዝዛሉ ወይም ያለሰልሳሉ። በዲስክ የሚሸጠው የብሉሬይ ቅጂ ላይ ብዙውን ጊዜ ይህ ይነሣል። ጁጁትሱ ካይሰን ሲዝን 2ን «ደብዛዛ ነው» ብሎ ከመተቸት በፊት የትኛውን ቅጂ እንዳያችሁ እወቁ።

ፊለር ምንድን ነው? ልዝለለው?

ማንጋው ውስጥ የሌለ፣ ጊዜ መግዣ ክፍል ነው። ሳምንታዊ ማንጋ በአንድ ጊዜ ወደ 20 ገጽ ቢያወጣ ነው፤ አንድ የአኒሜ ክፍል ደግሞ ሁለት ሦስቱን በአንዴ ይበላል። አኒሜው ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ ከተላለፈ ማንጋው ላይ ይደርስበታል። ያኔ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፤ ፊለር መጨመር ወይም ታሪኩን መጎተት።

ናሩቶ የመጀመሪያውን መረጠ። ከ220ው ክፍል ከ136 እስከ ማብቂያው ያለው ከሞላ ጎደል ፊለር ነው። ክፍል 135ን አይታችሁ በቀጥታ ወደ ተከታዩ ሺፑደን ብትሻገሩ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም። ዋን ፒስ ሁለተኛውን መረጠ።

ዋን ፒስን አሁን ልጀምር? መቼ እደርስበታለሁ?

ኦክቶበር 20 ቀን 1999 ነው የጀመረው፤ ከ1,100 ክፍል በላይ ሆኗል። በ24 ደቂቃ ብናሰላው ከ440 ሰዓት በላይ ነው፤ በቀን ሁለት ክፍል ለሚያይ አንድ ዓመት ከመንፈቅ። መግቢያ ዘፈኑንና «ባለፈው ክፍል» የሚለውን ከዘለላችሁ በተለይ በኋለኞቹ ክፍሎች በርካታ ደቂቃ ይተርፋል። እስከ ክፍል 44 ሞክሩ፤ የአርሎንግ ፓርክ ታሪክ እዚያ ያልቃል። ያ ምንም ካልመሰላችሁ ቀሪው ሺህም አይለውጣችሁም። ከ2026 ጀምሮ በዓመት ቢበዛ 26 ክፍል ብቻ እንዲያሳይ ተወስኗል፤ ለመድረስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፣ ጉተታውም ይቀንሳል የሚል ተስፋ አለ።

በምን ቅደም ተከተል ልይ?

በወጡበት ቅደም ተከተል። ሰው የሚደናበርባቸው ጥቂቶቹ፦

ዲመን ስሌየር፦ የመጀመሪያው ሲዝን 26 ክፍል፤ ከዚያ ሙገን ትሬይን። ይህ ሁለት መልክ አለው፤ የ2020 ፊልምና በ2021 ለቴሌቪዥን የተከፋፈለ ባለ 7 ክፍል። አንዱን ብቻ እዩ፣ ታሪኩ አንድ ነው። ከዚያ 11፣ 11 እና 8 ክፍል ያላቸው ሦስት ሲዝኖች፣ ከዚያ የ2025ቱ ኢንፊኒቲ ካስል ፊልም፤ እሱም የሦስት ፊልሞች የመጀመሪያው ነው።

ቼይንሶ ማን፦ 12 ክፍል፣ ከዚያ የ2025ቱ የሬዜ ፊልም። ፊልሙ በቀጥታ ስለሚቀጥል መዝለል አይቻልም።

አታክ ኦን ታይታን፦ «ፋይናል ሲዝን» የሚለው ስም አታሎ የገደለው ተመልካች ብዙ ነው። 16 ክፍል፣ ቀጥሎ 12፣ ቀጥሎ በ2023 የወጡ ሁለት ረጃጅም ልዩ ክፍሎች አሉት። ፍጻሜው የኖቬምበር 2023ቱ ነው፤ እሱን ካላያችሁ አላያችሁም።

ኢቫንጌሊየን፦ 26ቱ ክፍል፣ ከዚያ የ1997ቱ ኤንድ ኦፍ ኢቫንጌሊየን።

ማይአኒሜሊስት ላይ 7.2 አለው። ደካማ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ማይአኒሜሊስት ተመልካቾች ከ10 ነጥብ የሚሰጡበት ድረ ገጽ ነው፤ ነጥቡን በትምህርት ቤት ውጤት አትመዝኑት። ሰው የጠላውን በጊዜ ስለሚተው ነጥብ የሚሰጠው በአብዛኛው የወደደው ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ላይ ያጋደለ ነው፣ 7 ማለት «ደህና» ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሲዝኖች ከመጀመሪያው የሚበልጥ ነጥብ የሚያገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያልወደደው እዚያ ድረስ አልመጣም። ገና ሁለት ክፍል የታየለት ተከታታይ ላይ ያለውን ቁጥር ጨርሶ እርሱት።

ሳብ ወይስ ደብ?

ሳብ በጃፓንኛ ድምፅ ሆኖ ትርጉሙ ከታች የተጻፈበት ነው፤ ደብ በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተቀዳ ነው። የምታነቡበት ፍጥነት ይወስነው። ካውቦይ ቢባፕ በእንግሊዝኛ ድምፅም የሚከበር ነው። በየሳምንቱ የምትከታተሉ ከሆነ ግን ደብ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ይዘገያል። ዓረብ አገር ኖራችሁ ዓረብኛ የምታነቡ ከሆነ አኒሜ በኢንተርኔት የሚያሳየው ክራንችሮል ላይ የዓረብኛ ጽሑፍ ያላቸው ብዙ ናቸው።

አንድ ሲዝን ስንት ዳታ ይበላል?

12 ክፍል አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ኔትፍሊክስ ላይ በዝቅተኛው ጥራት በሰዓት 0.3 ጊጋባይት ስለሚሄድ 1.5 ጊጋ ይበቃል፤ በመካከለኛው 3.5 ያህል፣ በከፍተኛው በኤችዲ እስከ 14 ይደርሳል። ማስተካከያው አካውንት ውስጥ ፕሌይባክ ሴቲንግስ የሚለው ጋ ነው። «ኦቶ» ላይ ከተውት መስመሩ በጠነከረ ቁጥር ጥራቱን እየጨመረ ፓኬጃችሁን ይጨርሰዋል። በስልክ መጠን ስክሪን ላይ መካከለኛው ይበቃል።

ዩቲዩብ ላይ በነፃ የሚለቁት ሚውዝ ኤዥያና አኒ-ዋን ፈቃዳቸው ለእስያ አገሮች ነው፤ ከአዲስ አበባ «አይገኝም» ቢላችሁ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሳሎን ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ምን ይታያል?

ስፓይ ፋሚሊ፣ ባራካሞንና ፍሪረን ማንንም አያሳፍሩም። ሥዕሉን አይታችሁ ግን አትፍረዱ። ሜድ ኢን አቢስ ክብ ፊት ያላቸው ሕፃናት የሚታዩበት ቢሆንም ከጭካኔው የተነሣ ለልጅ የሚሆን አይደለም። ዲመን ስሌየርም አንገት መቀንጠስ የሞላበት ነው።

እግረ መንገድ፣ እናት «አጋንንት ነው የምታዩት?» ብትል የቃሉ ጥፋት ነው። ጃፓንኛው «ኦኒ» ይላል። ሰው የሚበላ፣ ፀሐይ ሲነካው የሚጠፋ ፍጡር ነው፤ እንግሊዝኛው ዲመን አለው፣ እኛም ከእንግሊዝኛው ወስደን ጋኔን አልነው። ለሴት አያቶቻችን ተረት የሚቀርበው «ጭራቅ» ነበር።

የምወደውን አኒሜ እንዴት አድርጌ ልምከር?

«ቪንላንድ ሳጋ እሳት ነው፣ እዩት» ምክር አይደለም። ይህ ምክር ነው፦ «ቪንላንድ ሳጋ፣ ሁለት ሲዝን፣ እያንዳንዱ 24 ክፍል። የመጀመሪያው የቫይኪንጎች ጦርነትና በቀል ነው። ሁለተኛው እርሻ ላይ ነው የሚውለው፣ ሰይፍ ብዙም አይመዘዝም። ለውጊያው ብላችሁ ከሆነ ሲዝን 1 ይበቃችኋል። ደም ስላለበት ከልጆች ጋር አይታይም። ሁለቱንም ጨርሻለሁ፣ ማንጋውን አላነበብኩም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ብትመስልም ለአንባቢ ብዙ ትጠቅማለች። ማንጋውን ያነበበ ሰው የሚመጣውን ስለሚያውቅ በደካማ ክፍል ላይም ይታገሣል፤ ያላነበበው የሚፈርደው ባየው ብቻ ነው።

ስፖይለር የሚባለው የቱ ድረስ ነው?

ስፖይለር ገና ላላየ ሰው ታሪኩን አስቀድሞ የሚያበላሽ ወሬ ነው፤ ማን እንደሞተ መናገር ብቻ አይደለም። «ክፍል 9ን ጠብቁ» ካላችሁ ሰው ስምንቱን ክፍል በግማሽ ልብ አይቶ ዘጠነኛውን እየጠረጠረ ይገባል። «መጨረሻው ይገለበጣል» ማለትም ያው ነው። የገጸ ባሕርይ አዲስ መልክ ያለበት ፎቶ ደግሞ ከጽሑፍ ይብሳል፤ ጽሑፍን ሳያነቡ ማለፍ ይቻላል፣ ሥዕል ግን በዓይን ከገባ ገባ።

ቴሌግራም ላይ የምትደብቁትን ቃል መርጣችሁ ፎርማቲንግ፣ ከዚያ ስፖይለር በሉ፤ ወይም ከቃሉ ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት ቋሚ መስመር ጻፉ። ፎቶም ከመላኩ በፊት ከምናሌው ውስጥ እንዲሸፈን ማድረግ ይቻላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁሉንም መሸፈናቸው ላይ ነው፤ የተሸፈነውን የሚነካ ሰው ስለየትኛው አኒሜ እንደሆነ ሳያውቅ ይከፍተዋል። የአኒሜውን ስምና የክፍሉን ቁጥር ከሽፋኑ ውጪ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጡ።